የጥርስ ሥር ሙሌት እንዴት ይፈተናል?

ዘንድሮ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጉንጩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። የጥርሱ ሥር ታክሞ እንደተሞላ ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ የሞሉልኝ ነገር መርዝ ቢሆንስ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሙሌቱ ከአጥንት ጋር ተጎራብቶ ለዓመታት ይቀመጣልና።

የጸዳው ሥር የሚሞላው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ወተት በሚገኘው ጉታ ፐርቻና ክፍተቱን በሚደፍን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው በዓለም አቀፉ መስፈርት ኢሶ 6876 ይፈተናል። የጠጠረው ናሙና 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከክብደቱ ከ3 በመቶ በላይ መሟሟት የለበትም፤ ከሟሟ ለጀርም በር ይከፍታል። በራጅም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ያህል ጎልቶ መታየት አለበት፤ አለዚያ ሐኪሙ ሙሌቱ የት እንደደረሰ አያይም።

ከሰውነት ጋር መስማማቱ ግን በውኃ አይለካም። መጀመሪያ በላቦራቶሪ ባደጉ ሕዋሳት ላይ ይሞከራል፤ ቀጥሎ ከአይጥ ቆዳ ሥር ተቀብሮ ቁጣው ከሳምንታት በኋላ መብረዱ ይታያል። እኔን የገረመኝ፣ ብዙዎቹ ሲሚንቶዎች ሳይጠጥሩ ሕዋስን መጉዳታቸው፣ ሲጠጥሩ ደግሞ ጉዳቱ መቀነሱ ነው። ፓራፎርማልዴሃይድ ያለበት ሙሌት ግን ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ነርቭና አጥንት ሊያበላሽ ይችላል። ወላጆች፣ የሙሌቱን ስም ሐኪሙን ለመጠየቅ አትፈሩ። ተማሪያችን ጠይቆ፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ አሳይቶኛል።