ክፉው ሰውዬ ማነው?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠናል። ከፊታችን የተጠበሰ ዓሣ ቀርቧል፤ ወዲያ ደግሞ ከዘጌ የሚመለሱት ጀልባዎች ይታያሉ። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ዓሣውን ረስቶ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እናንተም ቤት ያሉ ልጆች “ትሬይለር” የሚሉትን አጭር የፊልም ማስታወቂያ ያያል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ደግሞ ያያል።

“አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ይመስልሻል?”

“እኔ እንጃ።”

“ስሙን አንዴም አልጠሩትም እኮ! የማይታወቅ ሰው ቢሆን ስሙን ለምን ይደብቁታል?”

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ማስታወቂያ ነው። የሙያዬን ዘዴ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የገለጠብኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ፊልሙ አዲስ አይደለም። ጄ ጄ አብራምስ ያዘጋጀው “ስታር ትሬክ ኢንቱ ዳርክነስ” የተሰኘ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው ፊልም ተከታይ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መልሱን ልናገር ነው።

“ተመልሼ መጥቻለሁ” ያለው ማነው?

የመጀመሪያው ትሬይለር የተለቀቀው በዲሴምበር 2012 ነው። ክፉውን ሰውዬ የሚጫወተው እንግሊዛዊው ቤኔዲክት ከምበርባች ነው። በፖስተሩ ላይ ፊቱ አይታይም፤ ረጅም ካፖርት ለብሶ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶናል። በትሬይለሩ ውስጥ ደግሞ በዚያ ወፍራም ድምፁ ለበቀል ተመልሶ መምጣቱን ይናገራል። ለአድናቂዎች ይህች “መመለስ” የምትል ነገር በቂ ነበረች። የሚመለሰው ቀድሞ የነበረ ሰው ነውና።

ግምቱ ቀጠለ። አንዳንዶች በ1966 በቴሌቪዥን ድራማው ላይ እንደ አምላክ ያለ ኃይል ያገኘው ጋሪ ሚቸል ነው አሉ። ብዙዎች ግን “ካን ነው!” ብለው ቆረጡ። ካን ከሰው ሁሉ በላይ እንዲሆን በሳይንስ የተፈጠረ ባለጋራ ሲሆን፣ በ1967 በቴሌቪዥን፣ በ1982 ደግሞ በሲኒማ ሪካርዶ ሞንታልባን ተጫውቶታል። ለጃፓን ተመልካቾች በተለቀቀው ትሬይለር መጨረሻ ላይ የተጨመሩ ጥቂት ሴኮንዶች ነበሩ፤ በመስታወት ወዲያና ወዲህ የተደገፉ ሁለት እጆች ይታያሉ። የ1982ቱን ፊልም ያየ ሰው የስፖክን አሟሟት ወዲያው ያስታውሳል። ያ ፊልም ደግሞ የካን ፊልም ነው።

የፊልሙ ባለቤት ፓራማውንት በዚያው ወር አንድ ፎቶ አወጣ። ከፎቶው ጋር የወጣው የሰውዬው ስም “ጆን ሃሪሰን” ነበር። ከተዋናዮቹ አንዱ ሳይመን ፔግም ካን አይደለም ሲል ተናገረ። በሜይ 2013 ፊልሙ ሲወጣ ሰውዬው በገዛ አፉ ስሜ ካን ነው አለ።

የእንቆቅልሽ ሕግ

“እንቆቅልሽ!” “ምን አውቅልህ!” ስንባባል ያደግን ሁሉ ጨዋታውን እናውቀዋለን። ጠያቂው መልሱን የመደበቅ ሙሉ መብት አለው። መላሹ ካላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርንም ይስጥ ጎጃምን። አንድ ነገር ግን አይፈቀድም። መላሹ በትክክል ካወቀው ጠያቂው “አይደለም” ማለት አይችልም። እንዲያ የሚያደርግ ልጅ በማግስቱ የሚጫወተው አያገኝም።

እነ አብራምስ የሳቱት ይህን ሕግ ይመስለኛል። ፊልሙ በገበያ አልከሰረም፤ በዓለም ዙሪያ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኦገስት ላስ ቬጋስ የተሰበሰቡ የስታር ትሬክ አድናቂዎች ፊልሞቹን በደረጃ ሲያስቀምጡ ይህኛውን የመጨረሻ አደረጉት። በእርግጥ ቅሬታቸው ብዙ ነበር፤ የተካደው ስም ግን አንዱ ነበር። አብራምስ ራሱ በ2013 መጨረሻ ላይ፣ ከመነሻው እውነቱን ብንናገር ብልህነት ይሆን ነበር ብሎ አምኗል። የስቱዲዮው ስጋት፣ ካን ነው ከተባለ ስታር ትሬክን የማያውቅ ሰው “ይሄ ለእኔ አይደለም” ብሎ ይቀራል የሚል ነበር።

ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ክፉው ማን እንደሆነ ማወቅ ጉጉትን ይገድላል? “ሰው ለሰው” ድራማን አስታውሱ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ መሆኑን አገር ያውቅ ነበር፤ ሆኖም “ቀጥሎ ምን ያደርግ ይሆን?” እያልን ሳምንት እንጠብቅ ነበር። ዘጌ ተሻግራችሁ የገዳማቱን ሥዕሎች ብታዩም በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ይታያሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰዓሊው ማንነታቸውን አልደበቀም፤ ታሪኩን ግን ዛሬም ቆመን እናየዋለን።

“ጠይቄሽ ነበር”

በሌላው ላይ ብቻ መፍረድ አይሆንልኝም፤ እኔም ያንኑ አድርጌዋለሁና። ቀድሞ እሠራበት የነበረ ድርጅት አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት “ምን ይመጣ ይሆን?” የሚል ማስታወቂያ አዘጋጀሁ። ከእኛ በጅምላ እየወሰዱ ከዓባይ ማዶ የሚቸረችሩ አንዲት እናት አንድ ቀን “እኛ ሰፈር ልትከፍቱ ነው አይደል?” አሉኝ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ብዬ እየሳቅሁ “ኧረ አይደለም፣ እትዬ” አልኳቸው። ቅርንጫፉ የተከፈተው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። እሳቸው ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ ቀድመው ከፍለው ነበር።

አልተቆጡኝም። “ባትነግሪኝ ይገባኝ ነበር ልጄ። ግን ጠይቄሽ ነበር” ብቻ አሉኝ። በዲግሪ የተመረቅሁበት የቢዝነስ ትምህርት ይህችን አላስተማረኝም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለሲኒማ ወሬ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ትሬይለር እንደሚያነቡ ሁሉ ቤታችንንም ያነባሉ። በር ተዘግቶ የሚወራ ስልክ፣ ሳሎን ውስጥ በድንገት የሚቋረጥ ጨዋታ፣ ያለ ወቅቱ የተገዛ ሻንጣ ለእነሱ ፍንጭ ነው። የሚናገራቸው ሲያጡ የጎደለውን ራሳቸው ይሞሉታል፤ ብዙ ጊዜም ከእውነቱ የከፋውን።

የዚያን ዕለት ምሽት የእህቴ ልጅ ስልኩን አስቀመጠና ወደ ሐይቁ እያየ “አክስቴ፣ ከባሕር ዳር ልንለቅ ነው አይደል?” አለኝ። ከትምህርት ቤት የወጣለትን መሸኛ ከእናቱ ቦርሳ ውስጥ አይቷል። እናቱን ሲጠይቃት “ማን አለህ? የለም” ብላዋለች። የአባቱን ዝውውር እኔ አውቃለሁ፤ ፈተናውን እስኪጨርስ እንዳልነግረው ግን እህቴ ለምናኛለች።

“አንቺም ‘የለም’ ልትዪኝ ነው?”

“የለም አልልህም” አልኩት። “መናገር ያለባቸው ግን እናትና አባትህ ናቸው። ዛሬ ማታ አብረን እንጠይቃቸዋለን።”

ዝም አለ። ቆይቶ የቀዘቀዘውን ዓሣ መብላት ጀመረ።

እህቴ ያን ማታ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ ኋላ ግን ልጇን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። አለቀሰ፤ ከዚያም ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ለክረምት ይመለስ እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄዎቹ ለሳምንታት ብቻውን ሲያብሰለስላቸው የቆዩ ነበሩ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለሁሉም ነገር ጊዜ አለውና ምስጢር ይኑራችሁ። ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ “አሁን ልነግርህ አልችልም” ማለት ትችላላችሁ። “ከፈተና በኋላ እነግርሃለሁ” ብላችሁም ቀን መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ንገሩት። በትክክል ካወቀው ግን “አይደለም” አትበሉት። በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ስትነግሩት እንዲያምናችሁ ትፈልጋላችሁ።