አራት አገር አስበን ሦስት መረጥን

በእኛ ቤት «ዕረፍት» ማለት አዲስ አበባ ማለት ነው። ገንዘብ ከተጠራቀመ ትኬት ይቆረጣል፣ ሻንጣ በስጦታ ይሞላል፣ ዘመድ ይጠየቃል። ዘንድሮ ግን እማዬ ጡረታ ወጣች። አንድ ቀን ማታ ቡና እየጠጣን፣ «ከኢትዮጵያና ከአሜሪካ ሌላ አገር ሳላይ አረጀሁ እኮ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በማግስቱ የደቡብ ምሥራቅ እስያን ካርታ ከፈትኩ። ታይላንድ፣ ላኦስ፣ ካምቦዲያ፣ ቬትናም፤ አራት አገር በ16 ቀን! ከሁሉም በላይ የጓጓሁት በካምቦዲያ የሚገኘውን አንኮር ዋትን ለማየት ነበር። አንኮር ዋት በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ግዙፍ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ነው። ዕቅዱን በአንድ ሌሊት ጨረስኩ። ስህተቴን ያየሁት የእማዬን ፓስፖርት ስገልጥ ነው።

ሁለት ፓስፖርት፣ ሁለት መንገድ

እኔ የተወለድኩት አሜሪካ ስለሆነ ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው። እማዬ ግሪን ካርድ አላት፤ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ለካ ያነበብኩት መረጃ ሁሉ የሚሠራው ለእኔ ብቻ ነበር! እኔ ለጉብኝት ታይላንድ ስሄድ አስቀድሜ ቪዛ ማውጣት አያስፈልገኝም። ለእማዬ ግን ደንቡ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ፓስፖርቷ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። እነዚህ አገሮች ደግሞ ፓስፖርቱ ቢያንስ የ6 ወር ጊዜ እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትኬት ከመፈለጋችን በፊት ፓስፖርቷን ማሳደስ ጀመርን። ለታይላንድና ለላኦስ ኤምባሲዎችም የእሷን ጉዳይ ለይተን ጻፍን።

ቬትናም ላይ ግን እኩል ነን። አሜሪካዊም ቢሆን እዚያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ የማንኛውም አገር ዜጋ ቪዛውን በኢንተርኔት መጠየቅ ይችላል። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ «እዚህስ አብረን እንሰለፋለን!» አለች። ቅጹን ስትሞሉ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቪዛው የአንድ ጊዜ ወይም የብዙ ጊዜ መግቢያ ሊሆን ይችላል። የአንድ ጊዜ ከሆነ፣ ወደ ጎረቤት አገር ወጥታችሁ በዚያው ቪዛ መመለስ አትችሉም። እኛ ቬትናምን የመጨረሻ ያደረግናት ለዚህ ነው።

ካምቦዲያን ግን ተውናት። በ2025 በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር ላይ ውጊያ ተነሥቶ የየብስ መሻገሪያዎቹ ተዘግተው ነበር። በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል። ይህ ግን ሌላ ቪዛ፣ ሌላ በረራና ሌላ ድካም ይጨምራል፤ እማዬን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። እውነቱን ለመናገር፣ አንኮር ዋትን ከዝርዝሩ ስሰርዝ ከፍቶኝ ነበር።

መቼ እንሂድ?

በታይላንድና በላኦስ ዝናቡ በአብዛኛው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ይዘንባል። በመካከለኛው ቬትናም ግን፣ ለምሳሌ በሁዌና በዳ ናንግ፣ ኃይለኛው ዝናብ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ጃንዋሪ ይሻላል፤ ታይላንድ፣ ላኦስና ደቡብ ቬትናም ደረቅ ናቸው። ሃኖይ ግን ስለሚበርድ ሹራብ ያስፈልጋል። እማዬም የራሷን ቀን መቁጠሪያ አወጣች። «ከገና በኋላ ረጅም ጾም የለም። ገናን አዲስ አበባ እናክብርና ከዚያ እንሂድ» አለች። ከአዲስ አበባ ባንኮክ ቀጥታ በረራ ስላለ ሐሳቧ ጥሩ ነበር። የቬትናም አዲስ ዓመት ቴት ግን በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ ይውላል። ያን ጊዜ ትኬት ይጠፋል፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። ከዚያ በፊት መጨረስ አለብን።

በአዲስ አበባ በኩል መሄድ አንድ ወረቀት ይጨምራል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ታይላንድ ከዚያ የሚመጣውን መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መውሰድ ያስፈልጋል፤ 60 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። ለእማዬ ስጨነቅ፣ እሷ ጓዳ ገብታ የድሮ ቢጫ ካርዷን ይዛ መጣች። ማስረጃው ዕድሜ ልክ ይሠራል! መርፌው የቀረው ለእኔ ብቻ ነው። «አየሽ፣ የእኔም ወረቀት ይሠራል» አለችኝ።

ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላለች? የዓሣ መረቅ በብዙ ምግብ ውስጥ ስለሚገባ፣ «ሥጋ የለበትም» መባሉ ብቻ አይበቃም። ደግነቱ በሁለቱም አገሮች ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት ምግብ አለ። በታይላንድ «ጄ»፣ በቬትናም «ቻይ» ይባላል። የታይላንዱ ምልክት ቢጫ ሆኖ በቀይ ፊደል የተጻፈ ነው።

አሁን መንገዳችን ይህ ነው፦ ከባንኮክ ማታ ባቡር ተሳፍረን ጠዋት የላኦስ ዋና ከተማ ቪየንቲያን እንደርሳለን። ከዚያ በ2021 በተከፈተው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ሉዋንግ ፕራባንግ እንገባለን። ቀጥሎ በአውሮፕላን ወደ ሃኖይ፣ መጨረሻም ሆ ቺ ሚን ከተማ። በየቦታው ቢያንስ ሦስት ሌሊት እናድራለን።

ዕቅዱን ሳነብላት እማዬ ዝም ብላ አዳመጠች። በመጨረሻ፣ «በእኔ ምክንያት አንዱ አገር ቀረብሽ» አለች። ምንም አልመለስኩም። እሷም ቀጠለች። «ልጆች ሆነን በእግራችን ወደ ንግሥ ስንሄድ፣ ከፊት የሚሄዱት አያቴ ነበሩ። እሳቸውን መቅደም ነውር ነው። ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ግን ማንም ወደኋላ አይቀርም ነበር።»

እኔ ዕቅዴን የጀመርኩት ከራሴ ፓስፖርትና ከራሴ ጉልበት ነበር። ከቤተሰብ ጋር የምትሄዱ ከሆነ፣ መንገዱ ከሚከብደው ሰው ጀምሩ። አንኮር ዋት የትም አይሄድም። እማዬ ግን በዚህ ጃንዋሪ በባቡሩ መስኮት በኩል ትቀመጣለች።