የ2 ደቂቃ ፍርሃት፦ የተማሪዎች ሆረር ፊልም ማንን እንድንፈራ ይነግረናል?

ዩቲዩብ ገብታችሁ የእንግሊዝ ተማሪዎች የሠሯቸውን የሆረር ፊልም መክፈቻዎች ፈልጉ። መዓት ነው የምታገኙት። ሁለት ሦስቱን ካያችሁ በኋላ ቀጣዩን ሳታዩት መተረክ ትችላላችሁ። ጫካ አለ፣ የምትሮጥ ልጅ አለች፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ይሰማል፣ ከዛፍ ጀርባ ደግሞ ሁዲ የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው ቆሟል። ከዚያ ስክሪኑ ይጨልምና የፊልሙ ስም ይመጣል። አለቀ። ቀሪ ፊልም የለም።

ቀሪ የሌለው ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። የታዘዙት መክፈቻውን ብቻ ነው። እስቲ ዛሬ ይህ የትምህርት ቤት ሥራ ምን እንደሆነ፣ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ እንዴት አድርጎ እንደሚያስፈራ፣ ከቀረጻ በኋላ ደግሞ ተማሪዎቹ ምን ይጠየቁ እንደነበር እንይ። ከጥያቄዎቹ አንዷ በስልክ አጭር ፊልም ለሚሠራ ማንኛውም ሰው ትሆናለች፣ እዚህ ላለነውም ጭምር።

ሥራው ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት፣ ከ16 እስከ 18 ዓመታቸው ባለው ጊዜ፣ ኤ ሌቭል የሚባለውን ትምህርት ይወስዳሉ። ከሚመርጧቸው የትምህርት ዓይነቶች አንዱ የሚዲያ ጥናት ነው። ኦሲአር የተባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት ከ2008 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ትምህርቱ በ2017 እስኪቀየር ድረስ ከሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር፦ የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ከነርዕሱና ከነስም ዝርዝሩ ሥሩ፣ ከ2 ደቂቃ እንዳይበልጥ። ምስሉም ድምፁም የራሳችሁ ይሁን። ከሌላ ቦታ መውሰድ የሚቻለው የባለቤትነት ጥያቄ የማያስነሳ ሙዚቃና ማጀቢያ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዋናው ሥራ በፊት ማሟሟቂያ ነበር። አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ክፍሉን አቋርጦ ከሌላ ሰው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። ይኸው ነው። ቀላል ከመሰላችሁ ስልካችሁን አውጡና ሞክሩት። እጁ የበሩን እጀታ ሲይዝ ከውጭ ትቀርጻላችሁ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ከውስጥ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አንድ እንቅስቃሴ መምሰል አለባቸው። ሰዎቹ ሲያወሩ ደግሞ በመካከላቸው መስመር እንደተሰመረ አስቡና ካሜራውን ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ አቁሙት። መስመሩን ከተሻገራችሁ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላል፣ ተመልካቹም ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ግራ ይገባዋል።

ማርኩ ከ100 ነበር። 60ው ለቪዲዮው፣ 20ው ለጥናትና ለዝግጅቱ፣ የቀረው 20 ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ተማሪው ስለ ራሱ ሥራ ለሚያቀርበው ግምገማ ነበር። ግምገማው 7 ጥያቄዎች ነበሩት። አንዷን በኋላ እንመለስባታለን።

ለምን ብዙዎች ሆረር ይመርጣሉ?

አጭሩ መልስ፦ ብዙ ብር ስለማይፈልግ። የጦርነት ፊልም ታንክ ይፈልጋል። የፍቅር ፊልም በደንብ የሚተውኑ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። ሆረር ግን ጨለማ፣ አንድ በርና የሚጮህ ወለል ካገኘ ይጀምራል።

ይሄ በትልልቆቹም ታይቷል። ጆን ካርፔንተር በ1978 «ሃሎዊን»ን ሲሠራ የነበረው በጀት 300 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፣ ፊልሙ ግን በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገቢ አመጣ። በ1999 የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ተዋናዮቹ ራሳቸው ካሜራ ይዘው ጫካ ውስጥ የቀረጹት ፊልም ነው፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገብቷል። ስልክን በተመለከተ ደግሞ ስቲቨን ሶደርበርግ በ2018 የወጣውን «አንሴን» የቀረጸው በአይፎን 7 ፕላስ ነው። የዳኒ ቦይል «28 ይርስ ሌተር» (2025) ትልቁ ክፍል የተቀረጸውም በአይፎን ነው፣ ምንም እንኳን ስልኩ ላይ ውድ ሌንስና ዕቃ ተገጥሞለት ቢሆንም። ስለዚህ «ካሜራ የለኝም» የሚለው ምክንያት ዛሬ ብዙም አያስኬድም።

መክፈቻ እንዴት ያስፈራል?

ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የምናየው በማን ዓይን ነው? «ሃሎዊን» ሲጀምር ካሜራው ራሱ ሰው ነው። ከውጭ ሆኖ ቤቱን ያያል፣ ይገባል፣ ቢላ ያነሳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ጭምብል ያጠልቃል። ከዚያ በኋላ የምናየው በጭምብሉ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ነው። አንዲት ወጣት ትገደላለች። ገዳዩ ወደ ውጭ ሲወጣ ወላጆቹ ጭምብሉን ያወልቁለታል፣ ያኔ የ6 ዓመት ሕፃን ሆኖ እናገኘዋለን። የገደላት እህቱን ነው። አራት ደቂቃ ያህል በገዳዩ ዓይን ስናይ ቆይተን ማን እንደሆነ የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው። የሚያስደነግጠውም ከደሙ ይልቅ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን ተደበቀ? በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ሲጀምር አንዲት ልጅ በሌሊት ባሕር ውስጥ ትዋኛለች። የሆነ ነገር ከሥር ይይዛትና ወዲህ ወዲያ ይጎትታታል። ሻርኩን ግን አናየውም። በግልጽ እስክናየው ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ለቀረጻ የተሠራው የማሽን ሻርክ የባሕር ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ነው። ስፒልበርግ ሻርኩን ማሳየት ሲያቅተው የውኃውን ገጽ አሳየን። የተመልካቹ ጭንቅላት የሚሠራው ሻርክ ከየትኛውም ማሽን ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ድምፅ። የ«ጆውስ» ሻርክ መምጣቱን የምናውቀው ጆን ዊልያምስ ባቀናበረው፣ በሁለት ኖታ በሚጀምር ሙዚቃ ነው። ብዙ የተማሪ ሥራዎች ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ከባድ ሙዚቃ ይለቁበታል፣ ስለዚህ ጆሯችን ለምዶት መፍራት ያቆማል። ጸጥታውን ካልሰማን ጩኸቱ አያስደነግጠንም። የፍሪጅ እንዝርዝርታ፣ ከጎረቤት የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ፣ ከዚያ ድንገት ሁለቱም ዝም ሲሉ፦ ይሄ ያለ አንዳች ሙዚቃ ፀጉር ያቆማል።

ጥያቄ ቁጥር 2

አሁን ወደ ግምገማው እንመለስ። ከሰባቱ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚጠበቁ ናቸው፦ ከሌሎች ፊልሞች ምን ወሰድክ፣ ምን ለወጥክ? ተመልካችህ ማን ነው? ስለ ቴክኖሎጂው ምን ተማርክ? ሁለተኛዋ ግን ትለያለች። ሐሳቧ ይህ ነው፦ ሥራህ የተወሰኑ የማኅበረሰብ ክፍሎችን እንዴት አድርጎ ያሳያል?

ሆረር ፊልም ላይ ይቺ ጥያቄ ተራ አይደለችም። የመክፈቻው ዋና ሥራ ማንን እንደምንፈራ መንገር ነውና። ሁለት ደቂቃ ውስጥ ለተመልካቹ «ይሄኛውን ፍራ፣ ለዚህችኛዋ እዘን» ብለን እንነግረዋለን፣ ጊዜ ስለሌለን ደግሞ በአቋራጭ ነው የምንነግረው። አቋራጩም ሰዉ አስቀድሞ የሚፈራውን ሰው ማምጣት ነው።

መጀመሪያ ላይ ያነሳነውን ሁዲ አስታውሱ። እንግሊዝ አገር ሁዲ የለበሰ ወጣት ለብዙ ዓመታት የስጋት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ነበር። በ2005 ብሉዋተር የተባለው በኬንት የሚገኝ ትልቅ የገበያ ማዕከል ኮፍያውን አጥልቆ መግባትን ከልክሎ አገሩ ሁሉ ተከራክሮበታል። እና የ17 ዓመት ተማሪ ገዳይ ሲፈልግ ምን ያደርጋል? የራሱን ወይም የጓደኛውን ሁዲ አውጥቶ ያለብሰዋል። ትልልቆቹ የሚፈሩት እሱን ነው፣ እሱም በፊልሙ ራሱን ጭራቅ አድርጎ ይሥላል። ጥያቄ ቁጥር 2 ባትኖር ይሄን ሳያስተውለው ማርኩን ይዞ ይሄድ ነበር።

ነገሩ ደግሞ ፊልም ላይ ብቻ አይቀርም። በየካቲት 2012 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ትሬቮን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ በጥይት ተገደለ። መሣሪያ አልያዘም። የለበሰው ሁዲ ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ሰልፎች ሰዎች ሁዲ ለብሰው የወጡት ለዚህ ነው።

ጆርዳን ፒል በ2017 ያወጣው «ጌት አውት» ደግሞ መክፈቻው ይሄን ነገር ይገለብጠዋል። ሌሊት ነው፣ ሀብታሞች የሚኖሩበት ጸጥ ያለ ሰፈር። አንድ ጥቁር ወጣት መንገድ ጠፍቶት በስልክ እያወራ ይሄዳል። ነጭ መኪና ቀስ እያለ ይከተለዋል። እንዲህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ በሌሊት የሚራመድ ጥቁር ወንድ በሌላ ፊልም ቢሆን የምንጠረጥረው እሱን ነበር። እዚህ ግን የሚፈራው እሱ ነው፣ የሚያስፈራው ደግሞ የተዋበው ሰፈር። ፒል በዚህ ፊልም በ2018 የኦስካር ምርጥ ወጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ፣ በዚህ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊም ሆነ።

ወደ እኛ ስንመጣ

እዚህ አገር ሆረር መሥራት ለሚፈልግ ሰው ጫካና ጭምብል መበደር ግዴታ አይደለም። ልጅ እያለን ማታ ማታ የሰማነው ይበቃል። ጅብ አለ፣ ዛር አለ፣ ቡዳ አለ።

ቡዳ ግን ብቻውን አይመጣም፣ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል ሲባል የኖረው በእውነተኛ ሰዎች ላይ ነው፦ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ። ማረሻውን የሚሠራው፣ ምጣዱን የምትሠራው እነሱ ሆነው ሳለ ከእነሱ ጋር መጋባትና አብሮ መብላት ነውር ተደርጎ ኖሯል። ጎንደር አካባቢ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎችም ይሄው ስም ተለጥፎባቸዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ስድቡ ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም።

አሁን አንድ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ አስቡ። አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት፣ ዓይኗ በቅርበት፣ ከዚያ አንድ ሕፃን ሲታመም፣ ከዚያ የጅብ ድምፅ። በደንብ ከተቀረጸ ያስፈራል፣ ሼርም ይደረጋል። ያየው ሰው በነጋታው ገበያ ሲወጣ ግን ሸክላ የምትሸጥ አንዲት እናት ያገኛል። የቪዲዮውን ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት።

ታዲያ ቡዳን አትንኩ ማለት ነው? አይደለም። ገልብጡት። ካሜራው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ዓይን ይሁን። ከእናቷ ጋር ገበያ ትገባለች። ጀበናዎቹ ሲጋጩ ኳ ኳ ይላሉ። በሚያልፉበት ሁሉ ወሬ ይቋረጣል። አንዲት ሴት በነጠላዋ የልጇን ፊት ሸፈን ታደርጋለች። ሌላዋም። ሌላዋም። ሊመሽ ሲል ከሩቅ ጅብ ይጮሃል፣ ገበያተኛው በሙሉ ዞሮ ልጅቱን ያያታል። ስክሪኑ ይጨልማል። ደም የለም፣ ጭምብል የለም፣ ተመልካቹ ግን ማን እንደሚያስፈራ ገብቶታል።

መሥራት ለምትፈልጉ

- ስልኩን አግድም ያዙ። ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉት፣ አለበለዚያ ጨለማ ውስጥ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይልባችኋል።
- ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የስልክ ምስል ነጠብጣብ ይበዛበታል። ፀሐይ እንደጠለቀች ቅረጹና በኤዲቲንግ አጨልሙት።
- ድምፁን በሌላ ስልክ፣ ወደ ሰውየው አስጠግታችሁ ቅረጹ። የክፍሉን ባዶ ጸጥታም 30 ሰከንድ ያህል ያዙ፣ ኤዲት ስታደርጉ ክፍተት ትሞሉበታላችሁ።
- አጥንት ሲሰበር ለማስመሰል ማይኩ አጠገብ ካሮት ስበሩ።
- የሰው ዘፈን አትጠቀሙ። ቪዲዮው ይወርድባችኋል።
- ከመልቀቃችሁ በፊት ጭራቃችሁን ለሚመስል ሰው አሳዩት። ገዳያችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ከሆነ ሕመሙን ለሚያውቅ፣ ጎዳና ላይ የሚኖር ልጅ ከሆነ ጎዳና ላይ ለኖረ። ዝም ካለ ዝምታውንም አድምጡ።

የእንግሊዞቹ ተማሪዎች ይቺን የመጨረሻዋን ያስቧት የነበረው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ለማርክ ሲሉ ነበር። ማርክ የሚሰጠን ለሌለን ለእኛ ግን ጥያቄዋ ከቀረጻ በፊት ብትመጣ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዴ የተለቀቀ ቪዲዮ ስልክ ለስልክ ይዞራል፣ ተመልሶ አይሰበሰብም።