የወገን ስምና የአካል ስም፦ «ግሊፕቶቶራክስ» በተባለው የእስያ ዓሣ አሰያየም ላይ

የሥነ ሕይወት ስሞችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የግሪክኛውን ወይም የላቲኑን ሥርወ ቃል ፈትቶ ፍቺውን በስምነት ማቆም ይቀናዋል። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። በፈጣን የተራራ ወንዞች የሚኖረው ግሊፕቶቶራክስ የተባለው የዓሣ ወገን ግን ይህ መንገድ የት ላይ እንደሚያሳስት ስለሚያመለክት በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል።

ወገኑ ከኤፍራጥስና ከጤግሮስ ተፋሰስ አንሥቶ በሂማላያ ግርጌ በኩል እስከ ቻይናና እስከ ጃቫ የተሰራጨ ሲሆን ከ100 በላይ ዝርያዎች አሉት። እኛ አምባዛ ከምንለው ዓሣ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ይመደባል፤ ስለዚህ ለክፍለ መደቡ «አምባዛ» የወል ስም ሊሆን ይችላል። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የሚገለበጠው «የድመት ዓሣ» ለአማርኛ አንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። እንግሊዞች ድመትን ያነሡት በዓሣው አፍ ዙሪያ ስላሉት ጢሞች ነው፤ ግሊፕቶቶራክስም አራት ጥንድ ጢም አለው።

ዓሣውን ከሌሎች የሚለየው ደረቱ ነው። በሁለቱ የደረት ክንፎች መካከል ያለው ቆዳ ተሸብሽቦ እጥፋቶችን ያበጃል፤ በእጥፋቶቹ መካከልም የእርሻ ትልም የሚመስሉ ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። ዓሣው በዚህ አካል ድንጋይ እየያዘ ፈሳሹ ሳይወስደው ይቆያል። በካልካታ የቤንጋል የእስያ ማኅበር ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ብላይዝ እ.ኤ.አ. በ1860 ለወገኑ ያወጣው ስም «ግሊፕቶስ» (የተቀረጸ) እና «ቶራክስ» (ደረት) ከሚሉት የግሪክኛ ቃላት የተጣመረ ነው።

ይህን ስም ለመተርጎም የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የ«ቶራክስ» ሁለት ፍቺ ነው። ቃሉ ደረትንም የደረት ጋሻንም ያመለክታል፤ በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ቁጥር 14 ይኸው ቃል በአማርኛ «ጥሩር» ተብሎ ተተርጉሟል። ነገር ግን ጥሩር መከላከያ እንጂ መያዣ አይደለም። ከዚህም በላይ ጥሩር በላቲን «ሎሪካ» ስለሆነና ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሎሪካሪያ የሚለውን ስም ለደቡብ አሜሪካ ባለ አጥንት ልባስ ዓሣ የሰጠ በመሆኑ፣ ቃሉ ለዚያኛው ቢቆይ ይሻላል። «ቅርጸ ደረት» ቢባልም «የደረት መልክ» ማለት ይሆናል፤ የተፈለገው «ንጹሐ ልብ» በሚለው አምሳል «ቅሩጸ ደረት» ነበር።

ሰዋስዉ በዚህ ይቃና እንጂ ዋናው ችግር ገና ነው። ከብላይዝ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ማክሌላንድ ግሊፕቶስተርኖን የሚባል ወገን ሰይሞ ነበር። «ስተርኖን»ም በግሪክኛ ደረት ነው። ማክሌላንድ በዚህ ስም ከጠቀለላቸው ዓሦች መካከል ደረታቸው የተሸበሸበው በኋላ ወደ ግሊፕቶቶራክስ ሲዛወሩ፣ የቀድሞው ስም ለወገኑ መለያ ከሆነው ዝርያ ጋር ቀረ፤ የዚህ ዝርያ ደረት ግን ያ የመያዣ አካል የለውም። የሚይዘው በተሸበሸቡ ክንፎቹ ነው። እንግዲህ ሁለቱን በፍቺ ብንተረጉም ለሁለት ወገኖች አንድ ስም እናገኛለን፤ ያውም ለአንደኛው ሐሰት የሆነ። አንዱን «ቅሩጸ ደረት» ሌላውን «ቅሩጸ ፍርምባ» ብሎ መለየትም በቃል እንጂ በዓሣው አካል ላይ የሌለ ልዩነት መፍጠር ነው። የወገን ስም መለያ እንጂ መግለጫ ስላልሆነ እንዳለ በፊደላችን መጻፍ ይገባዋል።

የአካሉ ስም ግን መተርጎም አለበት። «መጣበቂያ» ሙጫን፣ «መምጠጫ» አየር ወይም ውኃ መሳብን ስለሚያሳስቡ «የደረት መያዣ» ይመረጣል። «መምጠጫ» የሚገባው ሌላ ቦታ ነው፦ በአገራችን ወንዞችም የሚገኘውና ከዝርያዎቹ አንዱ በሞጆ ወንዝ ስም የተጠራው ኪሎግላኒስ ከንፈሮቹ ክብ ሆነው ድንጋይ ላይ ይጣበቃሉ፤ ይህ በእርግጥ «የከንፈር መምጠጫ» ነው።

በደረት መያዣው እጥፋቶች ላይ ከየአንዳንዱ ሕዋስ የሚበቅሉ ጥቃቅን ቀንዳማ ጉጦች አሉ፤ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1982 በላቲን «ትናንሽ ሜንጦዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቷቸዋል። «መንጠቆ» እንዳንል፣ ስለ ዓሣ ሲወራ መንጠቆ ያለው አጥማጁ ነው። ነገሩ ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ «ደቂቅ ጥፍር» ቢባል ላቲኑን ባይከተልም ለአንባቢው ግልጽ ይሆናል።

የሚቀረው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። በቀደመው ልማድ የግሪክኛው ታው በ«ጠ»፣ ቴታው በ«ተ»፣ ፒውም በ«ጰ» ይጻፋሉ፤ ጢሞቴዎስና ጴጥሮስ ምስክሮች ናቸው። በዚያ ሥርዐት ዓሣችን «ግሊጵጦቶራክስ» ይሆን ነበር፤ «ቶቶ» የሚለውም መንተባተብ ይቀርለት ነበር። ሆኖም ዘመናዊዎቹ የሳይንስ ቃላት እንደ «ፕሮቲን» ሁሉ በ«ፐ»ና በ«ተ» ስለ ጸኑ፣ በዚህ ጽሑፍ «ግሊፕቶቶራክስ» የሚለው ተይዟል።