ፎር ዊል ድራይቭ የሚችለውና የማይችለው፤ የክረምት ጉዞ ወደ ግሸን

ክረምት በገባ ቁጥር በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የመስክ ሥራ አይቋረጥም። የግብርና ባለሙያው ማሳ ይጎበኛል፣ የጤና ባለሙያው መድኃኒት ያደርሳል፣ የመንገድ መሐንዲሱ በጎርፍ የተናደውን ያያል። በአምባሰል በሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ መስከረም 21 ቀን የሚከበረው ዓመታዊ በዓል ደግሞ የሚውለው መሬቱ የክረምቱን ውኃ እንደጠጣ ባለበት ሰሞን በመሆኑ፣ የጸጥታ፣ የጤናና የሌሎች አገልግሎቶች ሠራተኞችን የጫኑ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ከምዕመናኑ መኪኖች ጋር ወደ አምባው ይወጣሉ።

ግሸን መስቀለኛ ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን በገደል የተከበበ አምባ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ወንዶች ልጆች በጥበቃ ሥር ይኖሩበት የነበረውም ለመውጣትና ለመውረድ አስቸጋሪ በመሆኑ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ግማደ መስቀሉ እንዳረፈበት ይታመናል። ከደሴ ወደ ወልዲያ ከሚወስደው ዋና መንገድ ተገንጥሎ ወደዚያ የሚያቀና አሽከርካሪ፣ አምባውን የተፈጥሮ ምሽግ ያደረገው አቀበትና ቁልቁለት ዛሬም ይጠብቀዋል። በክረምት ድጥና ጉም ሲጨመርበት ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ባለ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና መመደቡ ተገቢ ነው። ይሁንና መኪናው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለይቶ የሚያውቀው ተጠቃሚ ብዙ አይደለም።

ተራ ፒክ አፕ የሞተሩን ኃይል የሚያደርሰው ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ነው። ፎር ዊል ድራይቭ ሲገባ ግን ኃይሉ ለአራቱም ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ጎማ የሚደርሰው ድርሻ ስለሚቀንስ ጭቃ ላይ በከንቱ የመሽከርከር ዕድሉ ያንሳል፤ አንዱ ቢያዳልጠውም ሌላው ይስባል። ጥቅሙ እንግዲህ በመሳብ ላይ ነው። በማቆም ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ ቀድሞውኑ አራቱንም ጎማ ነውና የሚይዘው። እንዲያውም እነዚህ መኪኖች ከባድና ከመሬት ከፍ ያሉ በመሆናቸው ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገቡ ከአውቶሞቢል ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባሉ። አቀበቱን ያለ ችግር የወጣ አሽከርካሪ ቁልቁለቱንም በዚያው ልብ መውረድ የሚጀምረው ይህን ልዩነት ሳያጤን ሲቀር ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት በሚታዩት እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ባሉት መኪኖች ላይ የፎር ዊል ማርሽ ሁለት ደረጃ አለው። ኤች 4 ለጭቃማና ለኮረኮንች መንገድ፣ ኤል 4 ደግሞ ለከባድ አቀበትና ቁልቁለት የሚያገለግል፣ ጉልበት የሚጨምርና ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽ ነው። በእነዚህ መኪኖች ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት ስህተት ነው። መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት እኩል ስላልሆነ፣ ደረቁ አስፋልት ጎማው ሸርተት እንዲል አይፈቅድለትም፤ ጫናው ወደ ማርሽ ሳጥኑና ወደ ዲፈረንሻሉ ይዞራል። ስለዚህ እስከ መገንጠያው በሁለት ጎማ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ በአራት መንዳት ይገባል። ማርሹም የሚገባው ጭቃው ውስጥ ከመገባቱ በፊት እንጂ ጎማው ጉድጓድ ከቆፈረ በኋላ አይደለም። የፊት ጎማው እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ባላቸው መኪኖች ይህ ካልተቆለፈ ማርሹ ቢገባም የፊት ጎማዎች አይስቡም። ቁልፉን ረስቶ ከጭቃ ጋር የሚታገል ሹፌር በየክረምቱ አይጠፋም።

ዋናው ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው። ከአምባው የሚወርድ መኪና ገና ከአፋፉ ኤል 4 አስገብቶ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው መደረግ አለበት። ፍሪሲዮን መርገጥ ይህን የሞተር ፍሬን ያጠፋዋል። ከዚህም የባሰው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በተለምዶ ፎሌ በሚባለው ነጻ ማርሽ መውረድ ነው። ቁጠባው ራሱ በዘመናዊ መኪና ላይ የለም፤ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ ሞተሮች በማርሽ ተይዘው ሲወርዱ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማሉ፣ በፎሌ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲሉ ይረጫሉ።

ፍሬን ብቻውን የሚወርድ መኪና ላይ የሚሆነው የታወቀ ነው። የፍሬን ሸራው ግሎ የመያዝ አቅሙን ያጣል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ የፍሬኑ መርገጫ ያለ ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጠዋት ከደሴ ሲነሳ ፍሬኑ ደህና በነበረ መኪና ላይ ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው።

ጎማን በተመለከተ አንድ ጉዳይ ብቻ እናንሳ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የበጀት እጥረት ሲያጋጥም ሁለት አዲስ ጎማ ተገዝቶ ካለቁት ሁለቱ ጋር ይገጠማል። ለባለ ሁለት ጎማ መኪና ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። በፎር ዊል ድራይቭ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች ዙሪያ ልክ ሲለያይ ማርሽ ሳጥኑ በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ያለማቋረጥ ይጨነቃል። ከጎማ የተቆጠበው ገንዘብ በካምቢዮ ጥገና ተመልሶ ይከፈላል።

እዚህ ላይ የሹፌሩ ሳይሆን የኃላፊው ድርሻ ይመጣል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል። ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የአሮጌው ዓመት ግዥ ተዘግቶ የአዲሱ ሳይጀመር ባለበት በዚህ ወቅት ጎማና የፍሬን ሸራ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ «ጠብቁ» የሚል መልስ ያስገኛል፤ መኪናው ግን አይጠብቅም፣ ይወጣል። የክረምት ዝግጅት ጥያቄ በሚያዝያ ቀርቦ በግንቦት ቢያልቅ ይህ ክፍተት አይፈጠርም። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም፣ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠብቆ ስለማቆየት በአጠቃላይ ማሰብን የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው የኃላፊው ድርሻ የመመለሻው ሰዓት ነው። ሹፌሩ «ጉም ወርዷል፣ እዚሁ እንደር» ሲል ውሎ አበል ፈልጎ ነው ብሎ መጠርጠር የተለመደ ነው። አንዳንዴ ጥርጣሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ብርሃኑን ወደ ዓይን ስለሚመልሰው የባሰ ያሳውራል፤ አጭር መብራትም ቢሆን ከፊት ያለውን ኩርባ ቀድሞ አያሳይም። የአንድ ሌሊት አበል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሚያከራክር ወጪ አይደለም።

በመንገዱ የሞላ ጅረት ካጋጠመ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ይገባል፤ በላይኛው ተራራ የዘነበ ዝናብ ታች ፀሐይ እያለም ጎርፍ ያወርዳልና። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ቀስ ብሎ እየነኩ ማድረቅ፣ መሥሪያ ቤት ሲደርሱም የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይቀየራል። በናፍጣ መኪኖች የነዳጅ ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመውን ውኃም ማፍሰስ ይገባል። የመኪናው ሆድ ዕቃ የሚታጠበው ጭቃው ሳይደርቅ ነው፤ የተቀደደ የጎማ መሸፈኛና የሚያፈስ የፍሬን ቧንቧ የሚታየው ያኔ ነውና፣ ሹፌሩ ያየውን በተሽከርካሪው መዝገብ ላይ አስፍሮ ለስምሪት ክፍሉ ሳያስረክብ ለሚቀጥለው ጉዞ ቁልፉ ሊሰጥ አይገባም።