ካርድ ካልተሞላ የሚሞት ቁጥር

ቤይሩት ዳርቻ፣ ዶራ አደባባይ አጠገብ ስልክ የሚጠገንበት ጠባብ ሱቅ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የዕረፍት ቀን ያገኙ ኢትዮጵያውያት በር ላይ ይሰለፋሉ። ስልሳን የተሻገሩ የሚመስሉ አንዲት እናት ስክሪኑ የጠቆረ ስልክ ይዘው ጠጋኙን በዐረብኛ ይለምኑታል። ስልኩ ባይሠራም ግድ የላቸውም፤ ውስጡ ያለው ድምፅ እንዲወጣላቸው ነው የፈለጉት። እናታቸው ከመሞታቸው በፊት ከደሴ በኢሞ የላኩላቸው መልእክት ነው። ጠጋኙ ሞካክሮ መለሰላቸው፤ የኢሞው አካውንት በአሮጌው ቁጥር የተከፈተ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ከእጃቸው ወጥቷል። ሰውየው ቀጣዩን ስልክ ተቀበለ። እኔን ግን ነገሩ አላስተኛ አለኝ።

ሴቶቹ “እማማ” ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው። ቁጥሩ እንዴት እንደጠፋ ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። “ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነበር። ያለ ፓስፖርት ሲም ካርድ አይሰጡሽም፤ አንዲት ልጅ በስሟ አወጣችልኝ። ከዚያ ታመምኩ፣ ሥራም አልነበረም፣ ካርድ ሳልሞላ ወራት አለፈ። ሲሻለኝ ሌላ ሰው ይዞታል። ደወልኩለት። የኔ ቁጥር ነበር አልኩት። ዘጋብኝ።” በሊባኖስ የቅድመ ክፍያ መስመር በየጊዜው ካልተሞላ ይቃጠላል፣ ቆይቶም ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ለአገሬው ሰው ይህ ተራ ደንብ ነው። ለእማማ ግን በሃያ ምናምን ዓመት የተጠራቀመ ዘመድ ሁሉ ተያይዞ የሄደበት ነው።

ቤይሩት ውስጥ ያረጀች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ጡረታ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1946 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ደግሞ በካፊሏ፣ ማለትም በአሠሪዋ፣ እጅ ነው። በ2020 መስከረም የሥራ ሚኒስትሯ ላሚያ ያሚን ሠራተኛዋ ውሏን አቋርጣ አሠሪ እንድትቀይር የሚፈቅድ አዲስ ውል አውጥተው ነበር። የቀጣሪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ከሰሰ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በቀጣዩ ወር አገደው። ስለዚህ ይህችን ሴት በእርጅናዋ የሚጦራት በላከችው ብር ያደገው፣ የተማረው፣ የተዳረው ሰው ነው። ያንን ሰው የምታገኘው በስልክ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ጡረታዋም አብሮ ይዘጋል።

“ልጄን ያሳደግኳት በብር ነው እንጂ በእጄ አይደለም” አሉኝ እማማ። “ጥያት ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፊቴን የምታውቀው በስልክ ነው። ስልክ ከሌለ እኔ ለሷ ማን ነኝ? ብር የምትልክ ሴትዮ።”

እርሳቸው ቤይሩት የገቡት በ1990ዎቹ ነው። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት በ1990 አብቅቶ ከተማዋ መልሳ ስትገነባ፣ በአገር ቤትም ከደርግ ውድቀት በኋላ የመውጫ ቪዛው ጣጣ ሲላላ፣ ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ተከፈቱ። ያኔ ናፍቆት የሚጓዘው በካሴት ነበር። ድምፅ ተቀድቶ ወደ አገር ለሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አገር ቤት ቤተሰብ ቴፑን ከቦ ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ በካሴቱ ጀርባ መልሱን ይቀዳል። እማማ ከእነዚያ ካሴቶች አንዱን እስካሁን አልጣሉም፤ በቃላቱ መካከል ዶሮ ሲጮኽና ቡና ሲወቀጥ ይሰማል ይላሉ፤ ማጫወቻ ግን የላቸውም። ቀጥሎ የስልክ ካርድ መጣ፦ ቁጥሩን በሳንቲም መፋቅ፣ ጎረቤት ቤት ደውሎ “እባካችሁ ጥሩልኝ” ማለት፣ የተጠራው ሰው ደጅ ሳይደርስ ሒሳቡ ማለቁ። ከዚያ ቫይበር፣ ኢሞ፣ ዋትስአፕ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች የድምፅ መልእክት ከሁሉ የላቀ ነው፤ ያ አሮጌ ካሴት ተመልሶ መጣላቸው።

ሊባኖሳውያንም ይህን መስመር ሲነኩባቸው ምን እንዳደረጉ ዓለም አይቷል። በጥቅምት 17 ቀን 2019 መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በቀን 20 የአሜሪካ ሳንቲም ቀረጥ ሊጥል መሆኑን አሳወቀ። ኑሮ ቀድሞ አንገፍግፏቸው ነበርና ያን ሌሊት መንገዶች በእሳት ተዘጉ። ቀረጡ በሰዓታት ውስጥ ተሰረዘ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳድ ሐሪሪም ወሩ ሳያልቅ ሥልጣን ለቀቁ። እማማ ያን ሌሊት ማዳም ቤት ሰገነት ላይ ቆመው ያዩ ነበር። “እነሱ ጮኸው አስነሱት። የኛን ማን ይጮኽልናል?”

ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በላይ በ1,507 ሊራ የቆመው ዶላር በ2023 ወደ 89,500 ደረሰ። በ2020 ሰኔ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል፣ በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። አስፋልት ላይ ያደረችው ልጅ ለእናቷ “አለሁ” የምትልበት መንገድ አጣች። በዚያው ዓመት ኅዳር ትግራይ ጨለማ ውስጥ ገባች፤ በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ቤይሩት ጄኔሬተር ጠፍቶ ዋይፋይ የለም፣ ወሎ ኔትወርክ የለም። እማማ ያኔ ዜና የሚሰሙት አዲስ አበባ በምትኖር በአንዲት የእህታቸው ልጅ በኩል ነበር፤ እርሷም ከደሴ በመጣ ሹፌር አፍ የሰማችውን ታቀብላለች።

በቤይሩት ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ስንት እናቶች አሉ? የሚጻፉበት መዝገብ አለ? ወረቀት የሌላት እናት በስሟ መስመር እንድታወጣ ማን ይረዳታል? ጥያቄዎቹን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አንድ ባለሥልጣን አቀረብኩ። “በጽሑፍ ይምጣ” አሉ። በጽሑፍ ሰጠሁ። ደውዬ ስጠይቅ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ስልካቸው አይነሣም።

በመስከረም 2024 የእስራኤል ድብደባ በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በዳሒያ ሲበረታ ብዙ ሠራተኞችን አሠሪዎቻቸው ቆልፈውባቸው ወይም ጥለዋቸው ሸሹ። ባሕሩ ዳር ኮርኒሽ ላይ ያደሩ ነበሩ፤ በአሽራፊዬ የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉም ነበሩ። የት እንደሚሄዱ የነገሯቸው በአብዛኛው ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው፣ በዋትስአፕ ቡድኖች። በ2017 የቤት ሠራተኞች ያቋቋሙት “እኛ ለእኛ በስደት” ከሚረዱት አንዱ ነው። ስልክ የነበራት መጠለያ አገኘች። የሌላት ምን እንደሆነች አሁን አብዝቼ ለመጻፍ ቦታ የለኝም፤ ሊጻፍ ግን ይገባዋል።

የእማማ ልጅ ቤት ሠርታ፣ አንድ ክፍል ለእናቷ ለይታለች። እማማም መሄድ ይፈልጋሉ። ኢቃማቸው ካለፈ ቆይቷልና ከሊባኖስ ለመውጣት የውጭ ዜጎችን ጉዳይ የሚይዘው የጄኔራል ሴኩሪቲ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ፓስፖርታቸው ማዳም ቤት ቀርቷል፤ ማዳም ከቤይሩት ወደብ ፍንዳታ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ሄደዋል። በፓስፖርቱ ፋንታ ሊሴ ፓሴ ለማውጣት ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ከአገር ቤት መምጣት አለበት። ልጃቸው የድሮ የቀበሌ መታወቂያቸውን አግኝታለች። ፎቶ አንሥታ የላከችው ግን በአሮጌው ቁጥር ነበር።