ቦሎ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ሃያ ዓመት ያለፈው ኮሮላ ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው ከቀለሙ ቀጥሎ የሚጠራው ቦሎውን ነው። ገዢውም «ቦሎ አለው» ሲባል መኪናው ታይቶ ደህና የተባለ ይመስለዋል። ቦሎ የሚያሰጠው ምርመራ በእርግጥ ዋጋ አለው። ምን እንደሚለካ ያወቀ ሰው ግን ከዚያች ወረቀት ልክ ያለፈ ነገር አይጠብቅም።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። ያለፈው የዓመቱን ቦሎ በፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አብሮ ይጠየቃል።

ከምርመራው ሁሉ ዋናው የፍሬኑ ነው። የፊት ሁለት ጎማዎች ወለል ላይ በተቀበሩ ሮለሮች ላይ ይቆማሉ፤ ሞተር ሮለሮቹን ቀስ እያለ ያሽከረክራል፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ጎማው ሮለሩን ምን ያህል እንደተቋቋመው ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይመዘገባል። ከዚያ የኋላው ይከተላል፣ የእጅ ፍሬኑም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ድምሩን፣ ማለትም ከመኪናው ክብደት አንጻር ፍሬኑ በቂ ጉልበት አለው ወይ የሚለውን ነው። እኔ በአሮጌ መኪና ላይ አስቀድሜ የማየው የግራና የቀኙን ልዩነት ነው። አንዱ ጎማ ከሌላው አጥብቆ ከያዘ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ መኪናው ወደዚያው ወገን ይጎትታል፤ በዝናብ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፍሬን ሸራ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወይም ዝጎ የተያዘ ፒስተን ነው፤ ሁለቱም ዕድሜ ያመጣቸው፣ ሁለቱም በጋራዥ የሚጠገኑ ናቸው። ጎማው ነፋስ ካነሰው ወይም ውሃ ከነካው ግን ቁጥሩ ራሱ ይዛባል፤ ስለዚህ ነፋሱን አስለክቶ መሄድ ይገባል።

የጭሱ ምርመራ አዲስ አበባ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለዚያ ስስ አየር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል። ብዙ ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ የሚተወው መኪና አንዳንዴ የሚያስፈልገው ካርቡራተሩን ማስተካከል ብቻ ነው።

አሁን ወደማይለካው እንምጣ። በሮለሩ ላይ ፍሬን የሚረገጠው ለጥቂት ሰኮንዶች ነው፣ ያውም ቀዝቅዞ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ግን ፍሬኑ ብዙ ደቂቃ እየጋለ ይሠራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ሳይዝ ይሰምጣል። ከተማ ውስጥ በመልካም ቁጥር ያለፈ ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እንዲህ ሊከዳ ይችላል፤ የሮለሩ ወረቀት ይህን አስቀድሞ አይነግርም።

ጎማም እንዲሁ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። በጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2316 ማለት በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። በአዲስ ቀለም የተሸፈነ የሻንሲ ዝገት፣ የካምቢዮ ድካም፣ የፍሪሲዮን መላላት በቦሎው አይታወቁም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ለምርመራው ቀን ብቻ ጎማ ተውሶ፣ ካለፈ በኋላ አውልቆ የሚመልሰው ነው። ያ መኪና በማግስቱ የሚያልፈው በትምህርት ቤት በር ነው።

ብሪታንያ ይህን ምርመራ በፈረንጆቹ 1960 ስትጀምር ያስገደደችው አሥር ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ነበር፤ ዛሬ ከሦስት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ነው። እዚያም የምስክር ወረቀቱ ስለ ሞተር፣ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካምቢዮ ሁኔታ አይናገርም። የምቀናበት ሌላ ነገር ነው፦ ማንም ሰው በሰሌዳ ቁጥር የመኪናውን ያለፉ ምርመራዎች በነፃ ማየት ይችላል፤ በየዓመቱ የተመዘገበው ኪሎ ሜትር፣ የወደቀበት ምክንያት፣ መርማሪው «ይህን ተከታተል» ያለው ሁሉ ይታያል። የአንድ ቀን ልኬት ከአሥር ዓመት ልኬት ጎን ሲቀመጥ ተውሶ ማለፍ ይከብዳል። የእኛም መዝገብ ለገዢ ክፍት ቢሆን የአሮጌ መኪና ገበያ በእጅጉ ይጠራ ነበር።

እስከዚያው፣ ገዢ ከሊብሬው ጋር የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት ይጠይቅ፤ የግራና የቀኝ ቁጥሮችን ያስተያይ። ከዚያ ሻጩ ያልመረጠው መካኒክ መኪናውን ጉድጓድ ላይ አውጥቶ ቲራንቴውንና ቦልጆንቱን በእጁ ይነቅንቅ። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት ይቀየር።